ጳጉሜንን ያላስገባች መስኮት፦ አምስት ቀን በአዳማ፣ በወንጂና በሻሸመኔ መንገድ

የደብረ ብርሃን ሰው ጋቢውን ትቶ ከቤት አይወጣም። እኔም ወደ አዳማ የሄድኩት ሹራብ ደርቤ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ ጋቢዬን በብብቴ ይዤ ነው። ባለቤቴ «እዚያ እኮ ቆላ ነው» ቢለኝ «ሌሊት ሌሊት ይበርዳል» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ይህን ተመልሼ የምጽፈው ለእናንተ ለጎረቤቶቼ ነው፤ አብዛኞቻችሁ ከአዲስ አበባ ወዲያ የሚያሻግር ጉዳይ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። እኔ ግን አሁን አውቄዋለሁና ይኸው ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ያ ሙቀት እየናፈቀኝ ነው።

የሄድኩበትን ጉዳይ ላስረዳ። ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አዳማ ውስጥ አንድ የምርመራ ማዕከል አለ፤ ወንጂ፣ አገዳ እርሻው መሐል ደግሞ አንዲት ጤና ጣቢያ አለች። ጤና ጣቢያዋ የሕመምተኞቿን ናሙና ወደ አዳማ ትልካለች፤ ውጤቱ ቀድሞ በፖስታ ታሽጎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ነበር የሚመለሰው። ሹፌሩ ሰርግ ከሄደ ውጤቱም አብሮ ሰርግ ይሄዳል። ባለፈው ግንቦት እኔ በሁለቱ መካከል ኤፒአይ የሚባለውን ነገር ሠራሁላቸው። ኤፒአይ ማለት፣ ነገሩን ወደ ቤታችን ቋንቋ ስናመጣው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለሌላው የሚከፍተው መስኮት ነው። የአዳማው ኮምፒውተር ውጤቱን በተስማሙበት ፎርም ሞልቶ በመስኮቱ ያቀብላል፤ የወንጂው ተቀብሎ መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ሰው መሐል አይገባም፣ ሹፌርም አይጠበቅም።

ሥራውን ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለጨረስኩት ሁለቱንም ቦታ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። አዲስ ዓመት እንደገባ ስልክ ተደወለልኝ። ወንጂ «ውጤት አልደረሰንም» ትላለች፣ አዳማ «ልከናል» ይላል፤ ነይና አስታርቂን አሉኝ። በዚያው ወደ ሻሸመኔ ወርጄ ለአንድ ክሊኒክ ተመሳሳይ መስኮት እንድከፍት ተስማማንና እሑድ ጠዋት ተነሣሁ።

እሑድ

ከደብረ ብርሃን ስንወጣ ጉሙ ገና አልተነሣም፣ አደይ አበባው ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ ፈንድቷል። አዲስ አበባ ስደርስ በፈጣኑ መንገድ የሚሄዱት መኪኖች ሞልተው ስለነበር በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ዱከም ላይ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ልጃገረዶች ተሳፈሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሌሊቱን ስትሠራ አድራ ኖሮ፣ ጭንቅላቷን ጋቢዬ ላይ ጥላ እስከ ቢሾፍቱ ለጥ ብላ ተኛች። ጋቢው በዚያ ጉዞ ለሰው የጠቀመው ያኔ ብቻ መሰለኝ። እኔማ ሹራቤን በሞጆ፣ ካልሲዬን በአዳማ መግቢያ ላይ አውልቄ እንደ ሽንኩርት ተላጥኩ።

ያረፍኩት አዴ ሎሚ የሚባሉ አሮጊት ፔንሲዮን ውስጥ ነው። «አዴ» በኦሮምኛ እንደኛ «ወይዘሮ» ነው። ደጃፍ ላይ ተቀብለውኝ «አካም ጅርተ፣ ደህና ገባሽ?» አሉና ጋቢውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ፤ ለብርዱ ብዬ ነው።»

«ለየትኛው ብርድ?» አሉና ከት ብለው ሳቁ። ነጠላ ጫማ ሰጡኝ፣ መስኮት ከፈቱልኝ፣ አልጋው ላይ አጎበር ዘረጉልኝ። ከአጎበር ጋር ተዋውቀን ስለማናውቅ ሌሊቱን ስታገለው አድሬ ጠዋት ተጠቅልዬበት ተገኘሁ። እኛ አገር ትንኝ ቢመጣ ራሱ በብርድ ያልቃል።

ሰኞ

ጠዋት አዴ ሎሚ ቅቤው የሚንጠባጠብ ጨጨብሳ አቀረቡልኝ። ከዚያ በባጃጅ ወደ ምርመራ ማዕከሉ ሄድኩ። እኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፈን እንቆም የለ? እዚህ ሰው ግድግዳ ሥር የሚቆመው ጥላ ፍለጋ ነው።

የማዕከሉን ኮምፒውተሮች የሚይዘው ጌቱ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ሳቅ የሚቀድመው ወጣት ነው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱ ውጤት ጎን «ተልኳል» የሚል አረንጓዴ ምልክት አለ። ደረቴ ነፋ አለ። ጌቱ ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ወንጂ ደወለ። የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ሲስተር ጫልቱ ናት ያነሣችው።

«ጌቱ፣ ላክሁ ላክሁ አትበለኝ! የላክኸውን እኔ በልቼው ነው?»

«ሲስተርዬ፣ ይኸው ኢንጂነሯም እያየችው ነው፤ ሄዷል።»

«ሄዶ የት ገባ? እዚህ አንድ ሰው አለ፤ በየቀኑ ጠዋት እየመጣ በር ላይ ይቆማል። ለመስቀል አገሩ መግባት ይፈልጋል። ውጤቱን ሳያውቅ ደግሞ ልጁን ማቀፍ ፈርቷል። ምን ልበለው?»

የሰውየውን የካርድ ቁጥር ነገረችንና ዘጋች። ጌቱ አንገቱን አከከ። ውጤት በስልክ መናገር ክልክል ነው፤ በወረቀት መላክም አዲሱ አሠራር ሲጀመር በደብዳቤ ቀርቷል። «ግን ለዚህ ሰው ስል ኃላፊውን አስፈርሜ አትሜ ላሽግልሽ፤ ነገ ስትሄጂ በእጅሽ ትሰጫታለሽ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። «ወረቀት ተሸክሜ ከሄድኩማ መስኮቱን ለምን ሠራሁት? ነገ እስከ ምሳ ሰዓት ችግሩን አገኘዋለሁ» አልኩት። ኩራት ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። ጌቱም ሰው አክባሪ ነውና አልተከራከረኝም።

ማክሰኞ

ከአዳማ ወንጂ ቅርብ ነው። ከተማው እንዳለቀ ምድሩ ይተኛና ዓይን እስኪደክመው ድረስ አገዳ ብቻ ይሆናል። እኛ ዳገትና ገደል ስለለመድን እንዲህ ያለ ሜዳ ሳይ መኪናው የቆመ መሰለኝ። ጤና ጣቢያዋ ከድሮዎቹ የኩባንያ ቤቶች አጠገብ፣ ትልልቅ ዛፎች ሥር ናት። ሲስተር ጫልቱ በስልክ እንደሰማኋት ቁጡ አይደለችም፤ ሁለቴ አቅፋ ስማ «አካም ጅርቱ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለችኝና ወዲያው ወደ ሥራ አስገባችኝ።

ሰውየውን በር ላይ አየሁት። ስሙን ለውጬ ሎምባሞ ልበለው። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ከከምባታ ለአገዳ ሥራ የመጣ ሰው ነው። ከሌሎቹ ባለተራዎች ራቅ ብሎ በነፋሱ በኩል ቆሟል፤ በእጁ የራሱን የቆርቆሮ ኩባያ ይዟል። የጤና ጣቢያዋ ሻይ በዚያ ኩባያ እንጂ በሌላ አይቀዳለትም፤ እሱ ራሱ ነው እንዲህ እንዲሆን የፈለገው። ቁርስ ሲቀርብ «እንብላ» ስለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወደ ኋላ ሸሸ።

«ክረምት አገዳ አይቆረጥም፤ ቦይ ጠረጋ ላይ ነበርኩ እትዬ» አለኝ ከሩቅ ሆኖ። «ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ በነሐሴ ሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። ጓደኞቼ ያኔውኑ አክታ ሰጥተው ነፃ ተባሉ። እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘግይቼ ሰጠሁ። ያኔ ያስለኝ ነበር። አሁን ሳሉ ጠፍቷል፤ ሲስተር ደግመህ ስጥ ትለኛለች፣ አክታ ከየት ላምጣ?»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፣ ግን አፉን በክንዱ ሸፍኖ። ሚስቱ የወለደችው በግንቦት፣ እሱ እዚህ እያለ ነው። ልጁን አላያትም። «መስቀል እኛ ዘንድ መሳላ ነው። በመሳላ አባት ካልገባ ቤት ቤት አይመስልም። ግን ይዣት ባስላትስ?» አለ። ሰኞ ዕለት አልፈልግም ያልኩት ፖስታ ትዝ አለኝ።

«አክታውን የሰጠኸው መቼ ነው?» አልኩት።

«ጳጉሜን አራት።»

የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ እመቤት ይህን ሰምታ ትልቁን መዝገብ ገለጠች። ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ በእጅ መጻፍ እንድትተው ሲስተር ሁለት ጊዜ ነግራታለች፤ እሷ ግን «ማሽን መብራት ሲጠፋ ይረሳል፣ እኔ አልረሳም» እያለች ትጽፋለች። ለእያንዳንዱ ወር ብዙ ብዙ ገጽ አለው። ከነሐሴ ቀጥሎ ግን ግማሽ ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሯል።

«ይኸው፣ ጳጉሜን አራት። እውነቱን ነው» አለች በጣቷ እየነካች። «ለጳጉሜን ግማሽ ገጽ ነው የምሰጣት። ደሞዝ ባይኖራትም በሽታ አላት።»

ግማሹ ገጽ ላይ ዐሥራ አንድ ሰዎች አሉ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ፤ እስከ ነሐሴ ሠላሳ የተሰጡት ናሙናዎች ውጤት ሁሉ ገብቷል፤ ከዚያ በቀጥታ መስከረም ሁለት ነው። ከዐሥራ አንዱ አንድም የለም። ፕሮግራሙን ሳልከፍተው ነው ያወቅኩት። ከፈትኩት፤ አለ፦ ወሩ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ካልሆነ አትቀበል ይላል። ከአንድ የፈረንጅ ናሙና ላይ ገልብጬ በገዛ እጄ የጻፍኩት መስመር ነው። በየዓመቱ በሩፋኤል ዝናብ ራቁቴን ስጠመቅ ያደግኩ ሴት፣ የአሥራ ሦስት ወር አገር ነን እያልን ለእንግዳ የምንኮራ ሰዎች ልጅ፣ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ደጅ ዘግቼባት ነበር።

የአዳማው ኮምፒውተርስ? መስኮቴ እያንዳንዱን የጳጉሜን ውጤት «አልቀበልም» ብላ መልሳለታለች። እሱ ግን መልስ አይሰማም። ውጤቱን ወርውሮ «ተልኳል» ብሎ ይጽፍና ጀርባውን ይሰጣል፤ በር አንኳኩቶ «ማነው?» ሳይባል እንደሚሄድ ሰው።

ለጌቱ ደወልኩ። «ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው። ጳጉሜንን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

ጌቱ በስልኩ፣ ሲስተር ጫልቱ አጠገቤ በሳቅ ፈነዱ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!» አለች እመቤት መዝገቧን በኩራት እየዘጋች። ጌቱም ማሽኑ መልስ እንዲሰማ አስተካክለዋለሁ አለ፤ «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልባል» ብሎ በራሱ ቀለደ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። መስመሩን ማስተካከል ስጀምር፣ ይህን ሥራ የምሠራበት ብቸኛው መሣሪያ፣ ላፕቶፔ፣ ባትሪው አለቀ። ቦርሳዬን በረበርኩ፤ ቻርጀሩ የለም። አዴ ሎሚ ቤት፣ አልጋው ራስጌ ረስቼዋለሁ። የጤና ጣቢያዋ ቻርጀሮች በሙሉ ለእኔ ላፕቶፕ አይገጥሙም። አዴ ሎሚ ዘንድ ደወልኩ፤ ያ የድሮው ፖስታ አመላላሽ ሚኒባስ ግን ለዚያን ቀን የመጨረሻ ጉዞውን አድርጎ ነበር፤ ሌላ መኪናም አልተገኘም። «ነገ በመጀመሪያው መኪና እልክልሻለሁ ልጄ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ሎምባሞን ፈልጌ «እስከ ነገ ጠዋት ታገሠኝ» አልኩት። «ለምጃለሁ እትዬ» አለና ኩባያውን አንጠልጥሎ ሄደ። ያ «ለምጃለሁ» እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ሲስተር ጫልቱ እናቷ ቤት ይዛኝ ገባች። እናትየው በርበሬ የበዛበት የአሳ ወጥ አቀረቡ፤ እንደኔ ከአሳ እሾህ ጋር የሚታገል ሰው አይተው ስለማያውቁ እያንዳንዱን ቁራጭ እየፈለፈሉ በአፌ አስገቡልኝ። ከተበላሸው ሥራዬ ጎን ይህን ያህል ደግነት ሲደረደር አፍሬ በላሁ። ግን በላሁ።

ረቡዕ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ ደጁ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ሹፌሩ አንድ ፌስታል ዘረጋልኝ፤ ውስጡ ቻርጀሩ፣ ትልቅ ፓፓያና አንድ መልእክት አለ። «አዴ ሎሚ፣ ጋቢውን አልላክሁም አያስፈልጋትም በላት ብለዋል» አለኝ። ከዚያ ጢሙን እየዳበሰ «ኮምፒውተር ተክቶሃል ብላችሁ አባራችሁኝ ነበር፤ ይኸው እንደገና እኔ ነኝ» አለና ሳቀ። አጠገቡ የነበሩት ተሳፋሪዎች አጨበጨቡለት።

መስመሩን ማስተካከል ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። አሥራ ሁለትን አሥራ ሦስት አደረግሁ፤ ለአሥራ ሦስተኛዋ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ ስድስት ቀን ሰጠኋት። እመቤት ከኋላዬ ቆማ «ስድስተኛዋንም እንዳትረሽ» እያለች ትቆጣጠረኝ ነበር። ለጌቱ «እንደገና ላክ» አልኩት። አንድ ገባ። ሁለት። እመቤት ከመዝገቧ ጋር እያስተያየች ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ዐሥራ አንድ ላይ ስትደርስ እልልታዋን ለቀቀችው። በአዳማም በኩል መልሱ ደርሷል፤ ጌቱ «ተቀብያለሁ አለኝ! ተቀብያለሁ አለኝ!» እያለ በስልኩ ጮኸ።

ሲስተር ጫልቱ ግን አልጮኸችም። ወረቀቱን አንብባ፣ አጥፋ፣ ሎምባሞን ጠርታ በሩን ዘጋች። እኛ ውጭ ቀረን። የጤና ጣቢያዋ ጥበቃ፣ እመቤት፣ እኔ። በሩ ሲከፈት ሎምባሞ መጀመሪያ ሲስተርን፣ ከዚያ እኛን፣ ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ነፃ ነህ አሉኝ» አለ። «የለብህም አሉኝ።»

ጥበቃው አቀፈው። ሎምባሞ ገና እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ጎን ያዞር ነበር። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር ጫልቱ «ወንጂ መጥቶ ሶደሬን ሳያይ የሚመለስ የለም» ብላ ወሰደችኝ። ፍል ውኃው ውስጥ አንገቴ ድረስ ገባሁ። ውኃ ለማሞቅ እንጨት ስንፈልግ የምንኖር ሰዎች፣ ምድር ራሷ አሙቃ ስታቀርብ ማመን ያቅታል። ውኃው ውስጥ ሆኜ ሳለ ዝንጀሮ የጾም ምሳዬን፣ ዳቦውን ከነፌስታሉ ይዞ ዛፍ ላይ ወጣ። ሲስተር «እሱም መልስ አይሰማም» አለች።

ሐሙስ

መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ስለነበር አዳማ መናኸሪያ በሰው ተጨናንቋል። ሎምባሞና እኔ አብረን ነበርን፤ እኔ እስከ ሻሸመኔ፣ እሱ ከዚያ ወዲያ እስከ አገሩ። አዴ ሎሚ ጋቢዬን በፌስታል አድርገው መናኸሪያ ድረስ መጡልኝ፤ የእንግዳ ዕቃ ቤታቸው ሲቀር እንደማይወዱ ነገሩኝ። ገለቶማ ብዬ አመሰገንኳቸው፤ አነጋገሬን አስተካክለው ሳሙኝ።

በመቂና በባቱ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት በሣጥን ተደርድሯል። ሐይቁ በዛፎቹ መሐል ብልጭ ይላል። ሎምባሞ ግን ሐይቅም ቲማቲምም አላየም፤ ሚስቱ የላከችለትን የልጅቱን ፎቶ በስልኩ እያየ ነው የሄደው። ፎቶውን ሲያሳየኝ ጥርሱን ሳይሸፍን ሳቀ። አርሲ ነገሌን ስናልፍ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል እኔ ተነፈስኩ፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ሻሸመኔ ስንደርስ ቀትር ነበር። የእሱ መኪና እስኪሞላ፣ የእኔም ክሊኒክ ከምሳ እስኪመለስ ድረስ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጇ ጥብሱን በአንድ ትሪ ለሁለት አቀረበችልን። ሎምባሞ እጁን ታጥቦ ቀና አደረገና አየር ላይ አቆመው። ከነሐሴ ወዲህ ከሰው ጋር ከአንድ ማዕድ በልቶ አያውቅም።

ያኔ መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ። ጋቢውን ከፌስታሉ አውጥቼ ጭኑ ላይ አደረግሁለት። «ለልጅህ ነው፤ አገርህ ደጋ ነው አሉኝ» አልኩት። «ሌላም ነገር አለ። ሰኞ ዕለት ውጤትህን በወረቀት አሽገን እንስጥሽ ብለውኝ ነበር። እኔ በኩራቴ እምቢ አልኩ። ማክሰኞን ሙሉ በር ላይ የቆምከው በእኔ ምክንያት ነው። ይቅር በለኝ።»

ጋቢውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ እንጀራውን ቆረሰ፣ ጥብሱን ጠቀለለ፣ ጠቅልሎ ጠቅልሎ እጁ ሙሉ አደረገውና ወደ አፌ ዘረጋው።

«እትዬ፣ ይክፈቱ።»

ተቀበልኩት። እያላመጥኩ ምላሽ ልሰጥ ስሞክር ሁለተኛውን ጠቅልሎ ጨርሷል።

«አንድ ያጣላል» አለኝ።